በሁለቱ ቅንድቦች መሃል

ፍቅር በየት በኩል እንደሚገባ አይታወቅም። የእነዚህ የሁለቱ ግን ይታወቃል፤ የገባው በጥገና መጠየቂያ ቅጽ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዶክተሯ «ማይክሮስኮፑ ያደበዝዛል» ብላ ቅጽ ሞልታ ወደ ምድር ቤት ላከች። በማግስቱ ቅጹ ሲመለስላት «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው ሣጥን ውስጥ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፎ አገኘችው፦ «ማይክሮስኮፑ ደህና ነው። እረፍት የሚያስፈልገው የተመራማሪዋ ዓይን ነው።» ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ያ ማይክሮስኮፕ በየሁለት ሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። እንደሱ የታመመ ዕቃ በዓለም ላይ ተፈጥሮ አያውቅም።

ዶክተሯ በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት በሽታ ክፍል ውስጥ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ናት። የምታጠናው ስንዴን የሚመታውን ዋግ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ደርሷል፤ ኮንትራቷ ሁለት ጊዜ ታድሶላት ሦስተኛ እንደማይታደስ በደብዳቤ ተነግሯታል። ሰው ሁሉ «ዶክተር፣ ዶክተር» ይላታል እንጂ የራሷ የምትለው ጠረጴዛ እንኳ የላትም። እሱ ደግሞ ምድር ቤት ያለው የጥገና ክፍል ቴክኒሻን ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ሥራ የገባ፣ ከዚያም በመሣሪያ መሃል የጎለመሰ ሰው። ከደረት ኪሱ አንድ ሁለት ብሎን ስለማይጠፋ ከፕሮፌሰሩ እስከ ጥበቃው «ብሎን» ነው የሚሉት። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው ይባላል።

የጥገና ክፍሉ መስኮት ከጣሪያው ሥር ስለሆነ በእሱ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ብሎን ሰውን የሚለየው በጫማው ነበር። «ዲኑ አለፉ፤ ተረከዛቸውን ዛሬም አላሠሩም» ይላል ከሥራው ቀና ሳይል። የእሷን ጫማ ሲያይ ግን አፉ ይያዛል። በሩን እስክትከፍት አንድ ወንበር ጠርጎ ያስቀምጥላታል። ይወዳታል፤ ትወደዋለች። ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም አልተናገሩም። እሷ «ዕድሜው የወራት የሆነ ኮንትራት ይዤ ሰው እንዴት አስራለሁ?» ትላለች፤ እሱ «ዶክተርን ያህል ሰው ቴክኒሻን ምን ያደርግላታል?» ይላል። ሆድ ይፍጀው ብለው ሦስት ዓመት ቆዩ።

ኮንትራቷ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት የሙያ ማማከሪያ ቢሮው ለዶክትሬት ተማሪዎችና ለእሷ ቢጤ ኮንትራተኞች ሥልጠና ከፈተ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ላይኛ ፎቅ ይሰበሰባሉ። አሠልጣኟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽር ጠፋብኝ የምትል ቀጭን ሴት ናት፤ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። «ሃያ ዓመት ተምራችሁ ራሳችሁን በሦስት ደቂቃ መናገር ያቃታችሁ ጉዶች!» ትላቸዋለች። የዶክተሯን አሥራ አንድ ገጽ የሥራ ልምድ መግለጫ በቀይ እስክሪብቶ እየመተረች ሁለት ገጽ አደረገችው። «'ትጉህ፣ ታታሪ፣ ቅን'... ይሄ ምንድነው? ቅንነትሽን ለአማትሽ አቆዪው። ለቀጣሪ የሠራሽውን ንገሪው።»

ከዚያ ሁሉ ትምህርት አንዷ ነገር ዶክተሯን በጣም ጠቀመቻት፤ ኋላ የጎዳቻትም እሷው ናት። ዶክተሯ ዓይን አፋር ነች። ሰው ዓይን ዓይኗን ካያት የምታውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋባታል።

«ዓይኑን አትዪው» አለቻት አሠልጣኟ፣ በጣቷ የራሷን ግንባር እየነካች። «እዚህች ጋ፣ በሁለቱ ቅንድቦች መሃል እዪው። ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይን ዓይኑን የምታይው ይመስለዋል። ፈጽሞ አይነቃም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሁላችሁም! 'እዚህ የሚያስቀርሽ ነገር አለ ወይ?' ብለው ከጠየቁ መልሱ 'ምንም የለም' ነው። እናት፣ ፍቅር፣ ጥርስ ሕመም፣ ምንም አይነሳም። ዓይን አይርገብገብ፣ ድምፅ አይሰበር። አለቀ!»

ሥልጠናው ልምምድ አለው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የልምምድ ፈታኝ ይመርጣል። ፈታኙ ከካርድ እያነበበ ይጠይቅና የግምገማ ቅጽ ሞልቶ፣ በፖስታ አሽጎ ለቢሮው ያስገባል። ሠልጣኙ ግምገማውን የሚያየው እውነተኛው ቃለ መጠይቅ ካለፈ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ቢያየው ይረበሻል ተብሎ። ሌሎቹ እርስ በርስ ሲመራረጡ ዶክተሯ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

«እኔ?» አለ ብሎን። «እኔ ስለ ዋግ ምን አውቃለሁ?»

«ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ አንብብልኝ።»

«ነጥብ የምሰጠውስ በየትኛው እውቀቴ ነው?»

«ሌንስ ጠራ አልጠራ የምትለው በምንህ ነው? በዓይንህ አይደል?»

ነገሩን የምር ያዘው። ሦስት ፈታኝ ብቻውን ይሆንላት ጀመር፦ አንዱ እያዛጋ የሚጠይቅ ሽማግሌ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ልጠይቅ ብሎ ንግግር የሚያደርግ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁሉን ነገር የሚጠራጠር። ሦስቱም አንቱ ነው የሚሏት። «እስቲ ዶክተር፣ ስለ ራስዎ ቢነግሩን?» ይላል ድምፁን አወፍሮ፤ ትስቃለች። «ስቀዋል፣ አንድ ነጥብ ተቀንሷል» ብሎ ይጽፋል። ልምምዱ ሲያበቃ ተመልሶ «አንቺ» ይላታል፣ እሷም ያቺን «አንቺ» ስትጠብቅ ትውላለች።

በመሃሉ ባሕር ማዶ ያለ አንድ የምርምር ተቋም ቋሚ የሥራ ቦታ አወጣ፤ የራስን ቤተ ሙከራ የሚያስመራ፣ ያውም በዋግ ላይ። አመለከተች። ለቃለ መጠይቅ ተመረጠች። የመጨረሻውን ልምምድ ያደረጉት ማክሰኞ ነበር።

የዚያን ዕለት ሽማግሌውም፣ ንግግር አፍቃሪውም፣ ተጠራጣሪውም አልመጡም። ብሎን በራሱ ድምፅ ካርዶቹን አንድ በአንድ አንብቦ ጨረሰ። የመጨረሻዋን ካርድ አስቀመጠና እጁን ጨርቁ ላይ ጠረገ።

«አንድ ጥያቄ ይቀራል» አለ። «ዶክተር፣ ሥራውን ቢያገኙ... እዚህ የሚያስቀርዎት ነገር አለ?»

አሠልጣኟ ደጋግማ ያስጠነቀቀቻት ጥያቄ ስለነበር ዶክተሯ ከካርዶቹ አንዱ መሰላት። ልቧ «አለ» ሊል ተነስቶ ነበር። ዓይኑን ካየች እንደምትሸነፍ ስላወቀች ዓይኗን አንድ ጣት ከፍ አደረገችው። በሁለቱ ቅንድቦቹ መሃል ድሮ ስፕሪንግ ተፈናጥሮ የመታው ትንሽ ጠባሳ አለው፤ እሱን አነጣጥራ ያዘችው።

«ምንም የለም» አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ዓይኗን አላርገበገበችም። እንዲያውም በልቧ ጎበዝ ብላ ኮራች።

«ጥሩ መልስ ነው፣ ዶክተር» አለና ቅጹን ሞልቶ አሸገው። ቀልድ ጠበቀች፤ አልመጣም። «አንቺ» እስኪላት ጠበቀች፤ አላላትም። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እሷ ግን ከአፏ ምን እንደወጣ ገና አልገባትም። ደረጃውን ስትወጣ አንድ ዕቃ ረስታ የወጣች ይመስል ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየች።

*

ከዚያ ቀን በኋላ ብሎን ከ«እርስዎ» አልወረደም። «ደህና ዋሉ ዶክተር።» «ማይክሮስኮፕዎ ደርሷል ዶክተር።» መጀመሪያ ሽማግሌው ፈታኝ ተመልሶ የመጣ መስሏት ሳቀችለት፤ እሱ ግን አልሳቀም። ግራ ሲገባት እንደ ዱሮው ቅጽ ሞላች፦ «ማይክሮስኮፑ ከፍቶታል።» መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «ሌንሱ ተወልውሏል።» ከሥሩ ቀንና ፊርማ ብቻ። ያቺን ሁለት ቃል ይዛ መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ቃለ መጠይቁን አለፈች። በአሥረኛው ቀን የቅጥር ደብዳቤው መጣ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈርማ እንድትመልስ ይላል። በዚያው ሳምንት ኮሪደር ላይ ሌላ ወሬ ሰማች። ብሎን ማንም ዝር ወደማይልበት፣ በመኪና አንድ ቀን ተኩል ወደሚያስኬደው የመስክ ጣቢያ ሊዛወር ነው። ሁለት ጊዜ ለምነውት እምቢ ያለውን ቦታ አሁን ራሱ ጠይቆ የሦስት ዓመት ውል ፈርሟል። የሚሄደውም ረቡዕ ነው። «ሊሸሸኝ ነው» አለች በልቧ። «እኔ አንዲት ቃል ስጠብቅ እሱ ሻንጣ ይሸክፋል።»

እናቷ ደብዳቤውን ካየች ወዲህ ቤት ውስጥ የምትራመደው እየዘለለች ነበር። በታይፒስትነት ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ባሏን ቀብራ አንዲት ልጇን ያሳደገችው የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች ነው። የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው፣ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ተቆልምመው ቀርተዋል።

«ፈርሚ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እያሰብኩበት ነው፣ እማ።»

«ምኑን ነው የምታስቢው? ሠላሳ ዓመት የሰው ዶክትሬት ስተይብ 'ይቺ የልጄ ብትሆን' እያልኩ ነው የተየብኩት። ያንቺ ሲደርስ ደግሞ ኮምፒውተር መጣና ራስሽ ጻፍሽው፤ እሷንም ነፈግሽኝ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሰብሰብ አደረገች። «አደራ ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

ዶክተሯ ግን የቱ ቆጥ፣ የቱ ብብት እንደሆነ ጠፍቶባታል። የእናቷን ጣቶች አየችና ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የበደለች መስሏት ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

*

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አሠልጣኟ አስጠራቻት። ደብዳቤው ሳይፈረም ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

«ነይ ተቀመጪ። የልምምድ ቅጾችሽን ውሰጂ» አለች አሠልጣኟ አሥራ አንድ ቅጾች እየገፋችላት። «ለመሆኑ ይሄን ፈታኝ ከየት ነው ያመጣሽው? የሠልጣኞቹ ሁሉ ፈታኞች 'ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው' ብለው ነው የሞሉት። ይሄኛው ሰውዬ ግን ያያል።»

ዶክተሯ አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። «ስለ ዋግ ስትናገር እጇ ይከፈታል። ስለ ራሷ ስትናገር እጇ ይጨበጣል።» «ዛሬ ስምንት ጊዜ 'ይቅርታ' ብላለች። ያጠፋችው ግን የለም።» «ለሦስተኛው ጥያቄ የሰጠችው መልስ ከጥያቄው ይበልጣል።» እያነበበች ትስቃለች፣ እየሳቀች እንባዋ ይመጣል። ከዚያ የመጨረሻዋ ደረሰች፤ የማክሰኞዋ። «የዓይን ግንኙነት» ከሚለው ትይዩ እንዲህ ይላል፦

«አምስት ከአምስት። ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የመለሰችው። አላርገበገበችም። ብታርገበግብ ኖሮ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ።»

ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ስትጀምር ፊደሎቹ ተቀላቀሉባት።

«የመጨረሻው ጥያቄ ካርዱ ላይ የለም እኮ» አለች አሠልጣኟ፣ ግንባሯ ላይ ያለውን መነጽር በእጇ እየዳበሰች። «'የሚያስቀርሽ ነገር አለ ወይ' የሚለውን እኔ ካርድ ላይ አላስገባሁትም። ከየት አመጣው?»

ዶክተሯ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የማክሰኞዋን ቅጽ በእጇ ይዛ ነበር።

*

ብሎን መሣሪያዎቹን ሣጥን ውስጥ እየደረደረ ነው። ጫማዋን በመስኮቱ ሳያያት አልቀረም፤ ዛሬ ግን ወንበር አልጠረገም።

«ምን ልታዘዝ ዶክተር?»

«'ልታዘዝ' አትበለኝ! አንቱም አትበለኝ!» ቅጿን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ሌላኛው ጥያቄ ምን ነበር?»

ቅጹን አየና ፊቱን አዞረ። «ይሄን ለቢሮው ነው የጻፍኩት።»

«ምን ነበር?»

«ጊዜው አልፏል።»

«ዓይንህን አላየሁም» አለች።

«ምን?»

«የዚያን ቀን ዓይንህን አላየሁም! ያቺን ጠባሳ ነው ያየሁት፣ ቅንድቦችህ መሃል ያለችውን። አሠልጣኟ ያስተማረችን ዘዴ ነው። ዓይኑን ማየት ያቃተው ሰው እዚያ ያያል፤ ማዶ ያለው ሰው አይነቃም። መልሱንም ያስጠናችን እሷ ናት። ጥያቄው የካርዱ መስሎኝ እኮ ነው! ዓይንህንማ እያየሁ እንዴት አድርጌ ነው 'ምንም የለም' የምለው? ምን ሆኜ?»

ብሎን በእጁ የያዘውን መፍቻ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ለእሷ ይጠርገው በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመስኮቱ አንድ ሁለት ሰው አለፈ፤ የማን ጫማ እንደሆነ አላየም።

«የፀጉር ያህል የተዛነፈ ሌንስ አያመልጠኝም ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንድ ጣት ሙሉ የሳተ ዓይን አለፈኝ።»

«ለምንድነው የጠየቅከኝ?»

«ከማክሰኞዋ በፊት እናትሽ መጥተው ነበር።»

«እዚህ?»

«ራዲዮ ሊያሠሩ። ራዲዮው ደህና ነበር።»

ለአፍታ ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ደህና ዕቃ ይዞ ምድር ቤት መውረድ ከማን እንደተለመደ ያውቃሉ።

«ምን አለችህ? ሰደበችህ?»

«ቢሰድቡኝማ በስንት ጣዕሙ። 'ልጄ፣ ቤት ስትገባ የምታወራው ስላንተ ነው፤ እኔ ሂጂ ብላት አንተ ቅሪ ካልካት የምትሰማው አንተን ነው' አሉኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ጣቶቻቸውን አየሁ።» እዚያው ቦታ ላይ አሁንም ያሉ ይመስል ጠረጴዛውን ተመለከተ። «ስለዚህ ከራሴ ጋር ተማማልኩ። እጠይቃታለሁ፤ ዓይኗ ከተርገበገበ የልቤን እነግራታለሁ፣ ካልተርገበገበ አፌን እዘጋለሁ አልኩ። አልተርገበገበም። በማግስቱ የጣቢያውን ውል ፈረምኩ።»

«አሁን ጠይቀኛ!» አለች። ቀረብ አለችው። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለኝ፤ አልፈረምኩም። አንተም ጣቢያህ ሄደህ ሦስት ዓመትህን ጨርስ፤ አንድ ቀን ተኩል ምን አላት? በየወሩ እመጣለሁ። ባሕር ግን አላቋርጥም። ቅሪ በለኝ፤ እቀራለሁ። ይኸው እቀደዋለሁ!»

ደብዳቤውን ከቦርሳዋ መዛ በሁለት እጇ ያዘችው። ብሎን ተነስቶ ከእጇ ወሰደው። ሲወስደው ወረቀቱ ተገለበጠና ጀርባው ታየ። በእርሳስ የተሳለ ነገር አለበት፦ አራት ማዕዘን ክፍል፣ በር፣ ሁለት መስኮት፣ የማይክሮስኮፕ ጠረጴዛዎች፣ ስንዴ የሚበቅልበት መደርደሪያ። ተስሎ የተፋቀ፣ ተፍቆ እንደገና የተሳለ።

«ይሄ ምንድነው?»

ፊቷ ቀላ። «ምንም። ዝም ብዬ...»

«ቤተ ሙከራሽ ነው።»

እቀራለሁ ያለችው እውነቷን ነው፤ ትናንት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ያንን ክፍል አራት ጊዜ የሳለችውም እውነቷን ነው። እየሳለች ልቧ በደስታ ሲመታ ይሰማት ነበር፤ እሱን እያጣች በመደሰቷ ደግሞ አፍራ መብራቱን አጥፍታለች።

ብሎን ንድፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ እንደ ሌንስ መረመረው። «ይቺን ማይክሮስኮፕ ከበሩ አርቂያት» አለ በመጨረሻ። «በር በተዘጋ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። ወደዚህ፣ ወደ ግድግዳው።» ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ትንሽ ቀስት አሰመረባት። ድምፁ የሥራ ድምፅ ነበር። ቀጥሎም ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጠፈና «እስቲ አሳዪኝ» አላት። «የት ነው የሚታየው ያልሽው?»

ጣቷን ዘርግታ በሁለቱ ቅንድቦቹ መሃል፣ ጠባሳዋ ላይ አኖረችው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። ጣቷን ለማንሳት አቅም አጣች፣ እሱም እንድታነሳው አልፈለገም።

ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እንግዲያው ስሚኝ» አለ። «ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ብቸኝነት ነው ያጻፈኝ። ጣቢያው የምሄደው ወድጄ ነው፤ ሰላም አገኛለሁ። እዚህ የሚያስቀርሽ ምንም የለም። አልጠብቅሽም፣ አንቺም እንዳትጠብቂኝ። ሂጂና ፈርሚ።»

ድምፁ አልተሰበረም። ዓይኑን አላርገበገበም። ዓይን ዓይኗን እያየ እንዴት እንዲህ ይላታል? ለመመለስ አፏን ስትከፍት ግን ልብ አለች። ዓይኑ ከዓይኗ ጋር አልገጠመም። አንድ ጣት ከፍ ብሏል። ገና አሁን ራሷ ያስተማረችውን ቦታ ነው የሚያየው።

ያዝኩህ ልትለው ነበር። ግን የታጠፈውን ደብዳቤ ወደ እሷ ሲዘረጋ አየች። ይህ ሰው ያለውን ሁሉ አሟጦ አንዲት ውሸት ሠርቷል፤ ያቺኑ ውሸት በእጁ ይዞ «እንኪ» እያላት ነው። ብታጋልጠው ትቀራለች፤ ከቀረች ደግሞ ያ አራት ጊዜ የተሳለ ክፍል ዕድሜ ልክ በመሃላቸው ሊቆም ነው። ያንን እሱ ቀድሟት አይቶታል። እሱ ያያል።

ደብዳቤውን ከእጁ ተቀበለች።

«አምስት ከአምስት» አለችው። ከዚህ ሌላ ቃል ቢወጣት ኖሮ መሄድ አትችልም ነበር።

ብሎን ጀርባውን ሰጥቷት መፍቻውን ካስቀመጠበት ቦታ አንስቶ መልሶ እዚያው አኖረው። በሩን በቀስታ ዘጋችው፤ ምንም እንዳይንቀጠቀጥ።

ውጭ ወጥታ በመስኮቱ ስታልፍ እግሯ ቆመ። ከታች ሆኖ ጫማዋን እንደሚያይ ታውቃለች። አንዴ ብትንበረከክ ፊቱን ታየው ነበር፤ ፊቱን ካየች ግን የት ትደርሳለች? ከውስጥ የሣጥን ድምፅም፣ የመፍቻ ድምፅም አይሰማም። ሁለቱም፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ አንድ መስታወት በመሃላቸው አድርገው ቆሙ። ከዚያ ጫማዋ ሄደ፤ እሷ የተከተለችው መሰላት።

*

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ፈረመች።

ቤት ስትደርስ እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ራዲዮው ከኋላዋ ይዘፍናል፤ ምንም ሆኖ የማያውቅ ራዲዮ። ዶክተሯ አየችው፣ እናቷንም አየቻት፣ ልትናገርም ትችል ነበር። ነገር ግን እናቷ የተቆለመሙ ጣቶቿን አገጯ ሥር አጣምራ፣ እንደ ልጅ በተረከዟ ብድግ ብድግ እያለች ነው።

«ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ፣ እማ።»

እናቷ ልትዘል ነበር፤ የልጇ ፊት ላይ አንድ ነገር አይታ ቆም አለች። ሁለቱንም ጉንጮቿን በእጆቿ ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረቻት።

«እስቲ ቀና በይ። ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። ደስ ብሎሻል?»

ዶክተሯ ቀና አለች። በእናቷ ሁለት ቅንድቦች መሃል፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ስታይ የተቋጠረች አንዲት ቀጭን መስመር አለች። እሷን ያዘች።

«በጣም» አለች።

እናቷም አምና፣ እቅፍ አደረገቻት።